ክኒኑ፣ ባዶ ሆድና የጠዋቱ እርምጃ፦ ስኳር ላለበት ሰው እንቅስቃሴ እንዴትና በምን ያህል?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 54 ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚን 1000 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ሐኪሜ ስፖርት እንድሠራ ስለነገረኝ ከአንድ ወር ወዲህ ጠዋት ክኒኖቼን ውጬ፣ ቁርስ ሳልበላ አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። ሁለት ቀን መንገድ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔም ብዥ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ዳገት ሮጬ ስጨርስ ብለካው ከ148 ወደ 196 ወጥቶ አገኘሁት። እንቅስቃሴው እየጠቀመኝ ነው ወይስ እየጎዳኝ? ምን ያህል ልሥራ? ከበረታሁ ክኒኑን መተው እችላለሁ? የእግር ጣቶቼም ማታ ማታ ውርር ይሉኛል።»

ምላሽ፦

እርምጃው እየጠቀመዎት ነው። ያንቀጠቀጠዎት ግሊቤንክላሚዱን በባዶ ሆድ ውጠው መንገድ መጀመርዎ ነው። ክኒኑም እርምጃውም ስኳር ያወርዳሉ፤ እርስዎ ሁለቱን በአንድ ላይ፣ ያለ ምግብ ወሰዷቸው። ስለዚህ ሰዓቱ ይቀየራል፣ ምናልባትም የክኒኑ መጠን ይቀነሳል፤ እርምጃው ግን ይቀጥላል። ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ሁለት ነገር ከነገ ጀምሮ ያድርጉ። ግሊቤንክላሚዱን ከቁርስ ጋር እንጂ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድመው አይዋጡት። ስኳር ሁለት ጊዜ እንደወረደብዎ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚሁ ሳምንት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሌላውን ራሱ ያስተካክለዋል። ጡንቻ ሲኮማተር በውስጡ የተቀመጡ ስኳር አስገቢ በሮች ወደ ላይ ወጥተው ይከፈታሉ፤ ይህም ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ የሚሆን ነው። ኢንሱሊን በሚገባ የማይሠራለት ሰው በእንቅስቃሴ የሚጠቀመው በዚህ የተነሳ ነው፤ በዋናው በር የተከለከለው ስኳር በጓሮ በር ይገባል። በጤነኛ ሰው ላይ ጡንቻው ስኳር መሳብ ሲጀምር ቆሽት ኢንሱሊኑን ይቀንሳል፣ ጉበትም ያንን አይቶ ካከማቸው ስኳር ወደ ደም ይለቃል። የወጣው ይተካል፤ ሰውየው ሁለት ሰዓት ቢራመድም አይወድቅም።

ግሊቤንክላሚድ ይህን ሚዛን ይሰብረዋል። መድኃኒቱ ቆሽትን ይዞ፣ በደም ያለው ስኳር ብዙም ይሁን ትንሽ፣ ኢንሱሊን እንዲያፈስ ያስገድደዋል። ኢንሱሊኑ መቀነስ ሲገባው ስለማይቀንስ ጉበት ስኳር መልቀቁን ያቆማል፤ ጡንቻው ግን መሳቡን አያቆምም። የአንድ ክኒን ጉልበት እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ተረፈ ምርቱም ስኳር የማውረድ ኃይል ስላለውና በከፊል በኩላሊት ስለሚወገድ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይከማቻል። ሐኪሞች ዕድሜው ለገፋ ወይም ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ይህን መድኃኒት ማዘዝ የማይወዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሜትፎርሚን ግን ቆሽትን አይነካም፤ በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል እንጂ። ብቻውን የሚወስደው ሰው በባዶ ሆድ ቢራመድ ስኳሩ ከልክ በታች መውረዱ ብርቅ ነው። ጎረቤትዎ «እኔም ስኳር አለብኝ፣ ባዶ ሆዴን እሄዳለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ቢልዎ መጀመሪያ የሚወስደውን መድኃኒት ይጠይቁት።

አሁን ወደ ዳገቱ ሩጫ። 196 መሆኑ አያስደንግጥዎ። ትንፋሽ የሚያሳጣ አጭር ጥረት አድሬናሊን ያፈልቃል፣ አድሬናሊን ደግሞ ጉበትን «አውጣ!» ይለዋል፤ ጉበቱ ከሚፈለገው በላይ ይለቃል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ አብዛኛው ተመልሶ ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት «ወጣብኝ» ብሎ ክኒን መጨመር ነው። የጨመሩት ክኒን ሥራ ሲጀምር ስኳሩ በራሱ እየወረደ ይደርሳል፣ ጡንቻውም የተሟጠጠ ጎተራውን እየሞላ ስለሚሆን ማታ ወይም ሌሊት ላይ መሬት ያስነካዎታል። ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ስኳር እስከ 24 ሰዓት ድረስ ዘግይቶ ሊወርድ እንደሚችል ይያዙ። ረዘም ያለ ወይም ያልለመዱትን ሥራ በሠሩበት ቀን ከመኝታ በፊት ይለኩ፤ ከ100 በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ቀምሰው ይተኙ። አልኮል የጠጡበት ቀን ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግደዋል።

ከመነሳትዎ በፊት ይለኩ። እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ፍራፍሬ የነካ ጣት ሐሰተኛ ከፍታ ያሳያል። ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ቁጥሩ ከእውነተኛው የደም ስኳር በደቂቃዎች ወደ ኋላ እንደሚቀር ያስታውሱ፤ ሰውነትዎ «ወረደ» እያለ መሣሪያው 95 ቢልዎ ጣትዎን ወግተው ያረጋግጡ። እዚህ ያሉት የስኳር ልኬቶች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ መለኪያዎ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ ለ18 ያካፍሏቸው።

ከ90 በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ሳይበሉ አይነሱ። አንድ ቁራጭ ዳቦ 15 ግራም ገደማ ይይዛል፣ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ይጠጋል። ከ90 እስከ 250 ባለው መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ 90 ቀርበው ከሆነና ከ45 ደቂቃ በላይ ለመሄድ ካሰቡ ግን መሃል ላይ ይለኩ። ከ250 በላይ ሲሆን ቁጥሩ ብቻውን አይከለክልዎትም፤ የሚወስነው ስሜትዎ ነው። ደኅና ከሆኑና ውኃ በበቂ ከጠጡ ቀለል ባለ እርምጃ ይሂዱ። ከፍተኛ ጥም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ ግን ዕለቱን ይተዉት፣ ወደ ሕክምናም ይሂዱ። ወደፊት ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን (ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኤምፓግሊፍሎዚን) ቢታዘዝልዎ እነዚህ ስሜቶች ስኳሩ ብዙ ባይወጣም አደገኛ ናቸው።

የሚበጀው ሰዓት ከምግብ በኋላ ነው። ምግብ ከጀመሩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስኳሩ ወደ ጫፉ እየወጣ ነው፤ ያኔ ቢራመዱ የሚወጣውን ጫፍ ይቆርጡታል፣ የመውረድ አደጋውም ይቀንሳል። አንድ ሰዓት በአንዴ መሄድ ግዴታ አይደለም። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ከምግብ በኋላ ያለውን ስኳር በሚገባ ይገዛዋል፤ ከእራት በኋላ ያለችው በተለይ ዋጋ አላት፣ ብዙ ሰው ትልቁን ምግብ በልቶ የሚቀመጠው ያኔ ነውና። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ በየ30 ደቂቃው ተነስተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ ጠዋት የተራመዱት እርምጃ ስምንት ሰዓት መቀመጥን አያካክስም።

በኪስዎ ምን ይኖራል? መልሱ ስኳር ነው፤ ቸኮሌት ወይም ብስኩት አይተካውም፤ ቸኮሌት ቅባቱ ከሆድ እንዳይወጣ ስለሚያዘገየው በሚፈልጉት ደቂቃ አይደርስልዎም። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅ፣ ድንገት ሲርብ፣ ዓይን ብዥ ሲል ወይም ያለ ምክንያት ሲነጫነጩ ይቁሙ፣ ይቀመጡ፣ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለዎት፣ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ። 15 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ከተስተካከለ በኋላ ዳቦ የመሰለ ነገር ይብሉበት፤ ግሊቤንክላሚዱ ገና እየሠራ ስለሆነ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና። የዚያ ቀን እርምጃ አብቅቷል፤ መኪና የሚነዱም ከሆነ ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይቆዩ። ለቤተሰብ የሚነገረው ደግሞ ይህ ነው፦ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ብቻ። በዚህ ክኒን ምክንያት ራሱን የሳተ ሰው ግሉኮስ ተሰጥቶት ቢነቃም ወዲያው ወደ ቤት መመለስ የለበትም፤ ቢያንስ አንድ ቀን ተኝቶ ክትትል ያስፈልገዋል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል የመሳሰሉትን የሚወስዱ ካሉ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ላቡ ግን አይደበቅም፣ እሱን ይጠብቁ።

አሁን መጠኑ። በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት፣ ቢያንስ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ፤ ከሁለት ቀን በላይ ተከታትሎ እንዳይዘለል። ሁለተኛው ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ጊዜ መሥራት የኢንሱሊንን ተሰሚነት ከፍ የሚያደርገው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ነው፤ ከዚያ ይከስማል። ቅዳሜና እሁድ 75፣ 75 ደቂቃ ሠርቶ አምስት ቀን የተቀመጠ ሰው ደቂቃውን ሞልቷል፣ ለስኳሩ ግን ሐሙስና ዓርብ እንዳልሠራ ነው። «መካከለኛ» ማለት እየተራመዱ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም፤ ከአሥር ቢመዘን አምስት ወይም ስድስት። የልብ ምት ቆጠራ ላይ አይመኩ፤ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነርቩ የተጎዳ ሰው ምቱ ጥረቱን በትክክል አያሳይም።

እርስዎ አንድ ወር ስለተራመዱ ከዜሮ አይጀምሩም። ለሁለት ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን፣ ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ይሂዱ፤ በአንዴም ለሁለት ተከፍሎም ይሆናል። ስኳርዎ ሳይወርድ ከዘለቀ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ፣ 45 ላይ ያቁሙ። ዳገት ሩጫው ለጊዜው ይቅር፤ ጠንከር ማለት ከፈለጉ ሦስት ደቂቃ ፈጠን፣ ሦስት ደቂቃ ዘና እያሉ አምስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል፣ ለጉልበትም ይቀላል። ሩጫ የሚመኙ ከሆነ በዕድሜዎና በስኳሩ የተነሳ አስቀድሞ ልብዎ ይታይ። ለተለመደ እርምጃ ምንም ስሜት የሌለበት ሰው ሁሉ የልብ ምርመራ አያስፈልገውም። ሆኖም ስኳር ያለበት ሰው የልብ ሕመም ያለ ደረት ውጋት ሊመጣበት ስለሚችል፣ ትናንት በቀላሉ የወጡት ዳገት ዛሬ ከልክ በላይ ካስተነፈሰዎት እሱን እንደ ደረት ሕመም ይቁጠሩት።

በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሳው፣ ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራው፣ የጡንቻ ሥራ ነው። ከምግብ በኋላ ኢንሱሊን ከደም ከሚያስወጣው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚቀበለው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ሲሳሳ ጎተራው ጠበበ ማለት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ ካልተሠራበት መሳሳቱ አይቀርም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሃሉ አንድ ቀን ዕረፍት እየተደረገ፣ የሚከተለው በቤት ይሠራል፦ ከወንበር ላይ እጅ ሳያስደግፉ ቁጭ ብድግ፤ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ሲለምድ በጠረጴዛ ጠርዝ፤ የላስቲክ ገመድ በር ላይ አስሮ ወደ ደረት መሳብ፤ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ፤ ቆሞ ተረከዝ ማንሳት፤ በሁለት እጅ ከባድ ቦርሳ ይዞ መራመድ። እያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። ክብደቱ ትክክል የሚሆነው ሲጨርሱ «ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መጨመር እችል ነበር» ካሉ ነው። 15ቱ ከቀለለዎ ያክብዱት፤ ቁጥሩን ወደ 40 ማብዛት ሌላ ሥራ ነው። ትንፋሽ አይያዝ፤ ሲገፉ ያስወጡ። ትንፋሽ አምቆ ማንሳት የደም ግፊትን በቅጽበት ያንረዋል፤ በዓይናቸው ጀርባ አዲስ ደካማ የደም ሥር ያበቀለባቸው ሰዎች ሊደሙ ይችላሉ። ስድስት ዓመት ስኳር ይዞዎት ዓይንዎ በጠብታ ተከፍቶ ካልታየ፣ ክብደት ከመጨመርዎ በፊት ያሳዩ። ችግር ከተገኘ ከባድ ማንሳት፣ መዝለልና ጭንቅላትን ወደ ታች መድፋት ይቀራል፤ እርምጃውና ብስክሌቱ ይቀጥላል።

የእግር ጣትዎ መውረር ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ይመርመሩ። አንደኛው ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የሚጀምረው ነው፤ ከጣት ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ ይብሳል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው፦ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከአንጀት በሚገባ እንዳይገባ ያደርጋል፤ የቢ12 ማነስም ልክ እንዲሁ ያወርራል። በቀን 2000 ሚሊግራም ለስድስት ዓመት ከወሰዱ ምርመራውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ማነሱ ከተገኘ በክኒን ወይም በመርፌ ይተካል፤ ሳይታወቅ ከቆየ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ክኒኑን በራስዎ ለማቆም ግን ምክንያት አይሆንም።

ስሜቱ የቀነሰ እግር መራመድ አይከለከልም፤ ቁስል ካለ ግን ይከለከላል። የነርቭ ጉዳት ያለበት ሰው ጫማው ውስጥ የገባችውን ጠጠር ሳያውቅ አንድ ሰዓት ይሄድባታል። ስለዚህ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ይዳስሱ። ረጅሙ ጣትና የጫማው ጫፍ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይተዉ፤ ጫማም እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ ይገዛል። ካልሲው ስፌቱ የማይቆረቁርና ላብ የሚመጥ ይሁን። በባዶ እግር፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ አይሂዱ። ማታ ውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መሃል በመስታወት ይዩ፤ ውኃ የቋጠረ፣ የተሰነጠቀ ወይም የቀላ ካለ እስኪድን እርምጃው በብስክሌት ወይም በተቀመጡበት በሚሠራ የእጅ ሥራ ይተካ። አንድ እግር ብቻ ሞቆ፣ ቀልቶና አብጦ ሕመሙ ግን አነስተኛ ከሆነ መርገጡን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ፤ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን እየፈረሰ ሊሆን ይችላል፣ በዕረፍት ከተያዘ ግን ቅርጹን ይጠብቃል።

ክኒን መተው ይቻላል ወይ? የተመሩ የእንቅስቃሴ መርሐ ግብሮች ተሰብስበው ሲመዘኑ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር (በመቶኛ የሚነገረውን HbA1c) በ0.7 ነጥብ ገደማ አውርደዋል፤ በሳምንት ከ150 ደቂቃ ያለፉት የበለጠ። ይህ ከአንዳንድ ክኒኖች ጋር የሚፎካከር ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳራቸው ወደ ሕመም በተጠጋ ሰዎች ላይ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴና መጠነኛ ክብደት መቀነስ በሽታው የመያዝ ዕድሉን በ58 በመቶ ሲቀንስ ሜትፎርሚን በ31 በመቶ ቀንሷል። ይህን ቁጥር እያነሱ «ክኒን ጣል» የሚሉ አሉ፤ ጥናቱ ግን ገና ላልታመሙት ነበር፣ እርስዎ ስድስት ዓመት አልፈዋል። ለእርስዎ ተስፋ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ እንቅስቃሴው ሲጸና ቀድሞ የሚቀነሰው ግሊቤንክላሚዱ ነው፤ ስኳር መውረዱ ራሱ ለመቀነስ በቂ ምክንያት ነውና። ሜትፎርሚኑ ብዙውን ጊዜ ይቆያል። ቀናሹ ግን ሐኪሙ ይሁን።

ለሐኪሙ «ስፖርት እሠራለሁ» ከማለት ይልቅ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይዘውለት ይሂዱ፦ ቀኑ፣ ክኒን የዋጡበትና የበሉበት ሰዓት፣ ከእርምጃ በፊት፣ ወዲያው በኋላና ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ልኬት፣ የተራመዱት ደቂቃ፣ የተሰማዎት ስሜት። ሁለቱን የመንቀጥቀጥ ቀኖች ከላይ ይጻፏቸው። አብረው የሚጠይቁት የኩላሊት ምርመራ፣ ቢ12፣ የዓይንና የእግር ስሜት ምርመራ ነው። ግሊቤንክላሚዱ ከተቀነሰ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠዋቱ ቁጥር ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ያንን ብቻ አይተው ወደ ቀድሞው መጠን አይመለሱ፤ ከምግብ በኋላ ያለውን ልኬትና፣ ሦስት ወር ሲሞላ፣ አማካዩን ይዘው ተመልሰው ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።